የዶካዋ እመጫት

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥተን ድልድዩን እንሻገራለን፤ ማዶ ጋላባት ናት። ከዚያ አስፋልቱን ይዘን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንወርድ መንገዱ ዶካ ያደርሰናል፤ ከዶካ አልፎ ገዳሪፍ ይገባል። ይህን መንገድ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። የጭልጋ፣ የቋራና የአርማጭሆ ልጅ ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ስንት ዘመን ተመላልሶበታል። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁትም በዚሁ ደጃፍ፣ መተማ ላይ ነው። ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ጦርነቱ ብዙ ብለዋል፤ እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት እናት ጡት ላወራችሁ ነው።

ለሴትዮዋ ስም አላወጣላትም። አንዲት ሰው ብቻ አይደለችምና። በዚያ መንገድ ተሻግረው፣ በዚያ አገር ወልደው ካጠቡ ከብዙ ሴቶች ኑሮ አሰባስቤ ያቆምኳት ናት። እመጫቷ እላታለሁ።

እመጫቷ የጭልጋ ልጅ ናት። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል መሬት ለማዘጋጀት ሩቅ እርሻ ወርዷል። እሷ ዶካ ገበያ ውስጥ ከሣር ዳስ ሥር ሻይና ቡና ታፈላለች። ሱዳኖቹ እንዲህ ያለችውን ሴት ሲት ሻይ ይሏታል። ከፊቷ ምድጃ፣ ጀበና፣ የስኳር ጣሳ፣ የብርጭቆ ድርድር፤ ከጎኗ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ወንድ ልጅ።

አገሯ ብትሆን ኖሮ ገና አራስ ቤት ናት። እናቷ ገንፎ ታገነፋላት፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እንኳን ምድጃ ለምድጃ ልትዞር ከመደቧም ብዙ አትርቅም ነበር። ዶካ ግን የቤት ኪራይ አለ፤ ከሰል አለ፤ የስኳር ዕዳ አለ። ወሩ ሳይሞላ ወደ ገበያ ወጣች።

ወቅቱ ግንቦት ነው። በዚያ አገር በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ሰው ከዛፍ ጥላ ወደ ግድግዳ ጥላ እየተዘዋወረ ነው የሚውለው። ታዲያ ሕፃኑ ሲነጫነጭ ያየ ሁሉ ምክር አለው። «አንቺ ልጅ፣ ጠምቶት ነው እኮ፤ ውሃ ስጪው!» ይላታል። አዝኖላት ነው፤ ክፉ አላሰበም። እሷም ውሃውን በስኳር በጥብጣ በማንኪያ ሰጠችው። ልጁ ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ ምክሩ ትክክል መሰላት።

እዚህ ላይ ትረካዬን አንድ ጊዜ ላቁምና ልንገራችሁ፤ ችግሩ የጀመረው ከዚህች ማንኪያ ነውና። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በዶካ ግንቦትም ሆነ በአፋር በረሃ ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ ሲጠማው ደጋግሞ መጥባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚለው ሙቀትን ረስቶ አይደለም። ሆዱ በውሃ የተሞላ ልጅ መጥባቱን ይቀንሳል። እሱ ሲተው ወተቱ የት ይሂድ? ጡት ውስጥ ይጠራቀማል።

በዚህ ላይ የገበያው ቀን መጣ። ሰው በብዛት ስለሚገባ ልጁን ከጎረቤት ልጃገረድ ጋር ቤት ትታ ወጣች። ጠዋት አጠባችው፤ ከዚያ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ አላየችውም። ቀትር ላይ ጡቷ አጋተ። ወተቱ ቀሚሷን ሲያርሰው ነጠላዋን አጠበቀችበት፤ ሰው ፊት አፍራለች። ማታ ልጁን በአንቀልባ አዝላ ወደ ዘመድ ቤት ሄደች። የአንቀልባው ጠፍር በትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ቀኝ ጡቷን በውጭ በኩል ጨምድዶ፣ ሆዷ ላይ ታስሮ አመሸ። ስትፈታው ጠፍሩ ቆዳዋ ላይ ቀይ መስመር ትቶ ነበር።

ሌሊቱን ሕመሙ ቀሰቀሳት። በብብቷ አቅጣጫ ጠጣር ነገር ተጎልቷል፤ ጣት ሲነካው ያንገበግባል። ቆዳው ሞቋል። ፈራች። በባዕድ አገር፣ በሌሊት፣ ባል በሌለበት ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘች ሴት ምን ምን እንደምታስብ ለሴቶች መንገር አያስፈልገኝም፤ ወንዶች ግን አስቡት።

ሲነጋ አንዲት ያገሯ ሰው መጡ፤ በዕድሜ የገፉ፣ እትዬ የምትላቸው ሴት ናቸው። እትዬ እጃቸውን ጡቷ ላይ አድርገው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ዓይን ነው፤ ገበያ ላይ ስታጠቢ ሰው አይቶሻል» አሉ። ቀጠሉና «ወተቱ ቋጥሯል፤ በደንብ ታሽቶ ካልወጣ አይለቅሽም። ለልጁም እንዳትሰጪው፤ የተበላሸ ወተት ነው» አሉ። ቅቤ ቀለጠ፤ ውሃ ተጣደ። በትኩስ ጨርቅ ተኮሱት። ከዚያ በሁለት አውራ ጣታቸው እባጩን እየተጫኑ ወደ ጡቷ ጫፍ ይነዱት ጀመር። እመጫቷ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቻለችው። እትዬ ይወዷታል፤ ያደረጉት ሁሉ እናቶቻቸው ያደረጉላቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ ግን እባጩ ሰፍቶ፣ ቆዳው ቀልቶ፣ እመጫቷ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አላት።

ለምን ባሰባት? ይህን መረዳት የጨዋታችን ዋና ነገር ነውና ቀረብ በሉ።

ጡት ውስጥ ወተት የሚሠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ከእነሱ የሚነሡ ቀጫጭን መተላለፊያዎች እየተገናኙ ወደ ጡት ጫፍ ይሄዳሉ። የቀድሞ መጻሕፍት ጫፉ ላይ የሚከፈቱት መተላለፊያዎች ከ15 እስከ 20 ናቸው ይሉ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የምዕራብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሚያጠቡ እናቶችን በአልትራሳውንድ ሲያዩ በአማካይ ዘጠኝ ያህል ሆነው አገኟቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ለቆዳ ቅርብ ናቸው፣ በቀላሉም ይጨፈለቃሉ። እንግዲህ ጠፍር ወይም የጠበበ ጡት መያዣ ሲጫናቸው ምን እንደሚሆኑ ገመቱ።

ሁላችንም ስናስብ የኖርነው እባጩ ውስጥ የረጋ ወተት እንደ ውታፍ ተወትፎ ነው ብለን ነበር። ውታፍ ከሆነ መግፋት ነዋ! ማሸት፣ መጫን፣ ማለብ። በ2022 እ.ኤ.አ. የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ የተባለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር ለሐኪሞች ያወጣው መመሪያ ይህን አስተሳሰብ ገልብጦታል። አብዛኛውን ጊዜ መተላለፊያው የሚጠበው በዙሪያው ያለው ሥጋ ተቆጥቶና ውሃ ቋጥሮ ከውጭ ስለሚጫነው ነው። ያን የተቆጣ ሥጋ በአውራ ጣት ስትደቁሰው ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ቁጣው ይጨምራል፤ መተላለፊያው ይብሱን ይጠባል። የእትዬ ፍቅር እመጫቷን የጎዳት በዚህ መንገድ ነው።

በጎረቤት አንዲት ሱዳናዊት አዋላጅ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ ይላታል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ስለ ሱዳን አዋላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መነገር ይገባዋል። ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ በ1921 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር። ከየመንደሩ የመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን በቀለሙ፣ በጠረኑና በጣዕሙ እንዲለዩ ተማሩ። ከዚያ ወደየገጠራቸው ተመለሱ። እኛም ዘግይተን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ጀምረን ሠራተኞችን በየቀበሌው ስናሠማራ ያደረግነው ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው፤ ሴቷ በር ላይ የምትደርሰው ሴት ናት። ድንበሩ ሁለት አገር ቢለየንም በዚህ ጉዳይ ዘመዳሞች ነን።

ሐቦባ ገባች፤ አየች፤ «ኸላስ፣ ያ ቢቲ! በቃ፣ ልጄ!» አለች። የእትዬን እጅ ቀስ ብላ አነሣችው። ሳታዋርዳቸው ነው ያነሣችው፤ ጎኗ አስቀምጣ ቡና አስቀዳችላቸው። ነጠላውን አላላች። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣችና ከዚሩ ሥር ተቀመጠች።

ዚሩን ላሳያችሁ። ያልተለበጠ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ በእንጨት መቆሚያ ላይ ተሰይሞ ጥላ ሥር ይቆማል። ውሃው በሸክላው እየሰረገ ላዩን ያወዛዋል፤ ያ ወዝ በነፋስ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። በረዶ በሌለበት፣ መብራት ቢመጣም በሚሄድበት አገር የድኃ ማቀዝቀዣ ይኸው ነው። ሐቦባ ንጹሕ ጨርቅ በዚያ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ እባጩ ላይ ጣል አደረገችው። ሲሞቅ አነሣችና መልሳ ነከረችው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲህ አደረገች፤ ከዚያ አሳረፈቻት። እንደገና አደረገች። ትኩስ ነገር ደስ የሚላቸው እናቶች አሉ፤ ነገር ግን ሙቀት ደም ስለሚስብ እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ቅዝቃዜ ግን እብጠቱን ያበርዳል፤ ሕመሙንም ያስታግሳል።

እጇን ጡቷ ላይ ስታሳርፍም አየኋት እንድትሉ እፈልጋለሁ። አልተጫነችም። በጣቶቿ ሆድ፣ ቆዳውን ብቻ እየነካች፣ ከእባጩ ወደ ብብት፣ ከጡቱ ወደ አንገት ሥር አጥንት ዳሰሰቻት። ሥጋ ውስጥ የቋጠረው ውሃ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ከዚያ ልጁን አምጡ አለች። እትዬ ደነገጡ፤ «ኧረ ይመርዘዋል!» አሉ። አይመርዘውም። የጡቱ ወተት ለልጁ ደኅና ነው፤ እናቱ ትኩሳት ቢኖርባትም፣ ለጡት ኢንፌክሽን የሚታዘዘውን መድኃኒት ብትወስድም ይጠባል። ጣዕሙ ትንሽ ጨው ጨው ሊል ስለሚችል ልጁ ቢያንገራግር አይግረማችሁ። አንድ ነገር ግን ለይታችሁ ያዙ፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እናት ጡቷ ሲቆጣ ወይም ሲቆስል በዚያ ጡት ከማጥባቷ በፊት የሚከታተላትን ባለሙያ መጠየቅ አለባት።

እመጫቷ አጠባች። ልጁ አፉን በደንብ ከፍቶ ጥቁሩን ክፍል ጭምር እንዲጎርስ ሐቦባ አገጩን አስተካከለችለት፤ ጫፉን ብቻ ይዞ የሚጠባ ልጅ ጫፉን ያቆስላል፣ ወተቱንም አይስበውም። በሚፈልገው ሰዓት ግራውንም ቀኙንም እንዲጠባ ተደረገ። «ባዶ እስኪሆን ልለበው?» ብላ ጠየቀች። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ጡት በተለበ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፤ ያለ ልክ ስታልቢው ነገ ከዛሬ የበለጠ ወተት ይመጣና እብጠቱ ላይ እብጠት ይጨምራል። ልጁ ተኝቶ ወይም ርቆ ጡቷ ሲወጥር፣ ውጥረቱ እስኪላላ ድረስ ብቻ ጥቂት በእጅ ማለብ ይበቃል። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ቢታይም በመርፌ ወይም በእሾኽ አይነካም፤ ለኢንፌክሽን በር መክፈት ነው።

ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ይረዳል፤ ቁጣውንም ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ሕመም ያለባት ግን አትውሰደው። ለእሷ ፓራሲታሞል ይሻላል። ሁለቱም ወደ ወተቱ የሚያልፉት እጅግ በጥቂቱ ነው።

ሐቦባ ማታ ስትወጣ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ «ነገ በዚህ ሰዓት ትኩሳቱ ካልለቀቀሽ እኔን አትጠብቂ፤ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።» የመመሪያው ልክም ይኸው ነው፤ 24 ሰዓት። ትኩሳቱና ሕመሙ በእንክብካቤ ካልበረደ፣ ወይም ሰውነት እየከበደ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ነገሩ ወደ ኢንፌክሽን ተሻግሮ ይሆናል፤ ያኔ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የገበያ ፋርማሲ ይፈትናል። በፍሬ የሚሸጥ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ መተው በሁለቱም ድንበር የተለመደ ነው። ጡትን በአብዛኛው የሚያጠቃው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ አሞክሲሲሊንን ብዙ ጊዜ ይቋቋማል፤ ሐኪሞች እንደ ክሎክሳሲሊን ያለውን ከ10 እስከ 14 ቀን የሚያዙት ለዚህ ነው። ችላ ከተባለ ጡት መግል ይቋጥራል። መግል ከቋጠረ ማሸትም ክኒንም አይበቃውም፤ በመርፌ መቀዳት ወይም መከፈት አለበት። ትኩሳት ሳይኖረው ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ ብሎ የሚከርም እባጭም ለሐኪም ይታይ፤ የጡት ካንሰር በሚያጠቡ እናቶችም ላይ ይደርሳል።

በዚያ አገር «ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሰሊጡንና ማሽላውን የሚያበቅለው እሱ ነው። አንድ ዝናብ ሲጥልበት ግን ያጣብቃል። አስፋልቱ ላይ ያለችው ዶካ መኪና ታገኛለች፤ እርሻው ካምፕ ውስጥ ያለችው ሴት ትራክተርም አያወጣትም። ከዶካ ብዙም በማይርቀው በኡም ራኩባ ያለፉትንም አስቡ። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ድርቅና ጦርነት ያፈለሳቸው ወገኖቻችን፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንሻገራለን ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ጭምር፣ በዚያ ሰፍረው ስንቱን ልጅ ቀብረዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ለሸሹት ያው ስፍራ እንደገና ተከፈተ። በመንገድ ላይ የወለዱ ነበሩባቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት፤ ሌላው በመተማ በኩል ወደ እኛ ገባ። የምትሰደድ እናት ረጅም መንገድ ትጓዛለች፣ ልጇን በጠፍር ታስራለች፣ ሳታጠባ ትውላለች። የእመጫቷ ጡት ላይ የደረሰው ሁሉ በእሷም ጡት ላይ ይደርሳል።

በእንዲህ ያለ ቦታ ጡቴን አመመኝ ብሎ ልጅን ጡት ማስጣል የልጅ ሞት ሊያስከትል ይችላል፤ ቃሉ ከባድ መሆኑን እያወቅሁ ነው የምናገረው። ጡት ከቀረ የሚተካው የዱቄት ወተት ነው፤ ዱቄቱ የሚበጠበጠው ደግሞ በተገኘው ውሃ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ገዳሪፍ ውስጥ የኮሌራ ወረርሽኝ መነሣቱ በይፋ ተነግሯል። በዚያ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ለአራስ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል። ለእናቲቱም ቢሆን በድንገት ማስጣል መፍትሔ አይሆንም፤ የሚጠባው ሲጠፋ ወተቱ ይበልጥ ይቋጥራልና።

ወደ እመጫቷ ልመልሳችሁ። ከቀዝቃዛው ጨርቅ፣ ከማጥባቱና ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበዳት ዕረፍት ነው። ተኚ ሲሏት ማን ሻይ ያፍላላት? እዚህ ላይ እትዬ ካሣቸውን ከፈሉ። የጀበናውን እጀታ ጨብጠው ሻይ መሸጫው ላይ ሦስት ቀን ዋሉ፤ ዓረብኛቸው ከ«ሱከር» አያልፍም፣ ግን ሸጡ። ልጃገረዲቱ ሕፃኑን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ እያመጣች አስጠባችው። ውሃና ስኳሩ ቀረ። አንቀልባው ጠፍሩ ተላልቶ ከጡቷ በላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ታሰረ። ትኩሳቱ በማግሥቱ ከቀትር በፊት ለቀቃት፤ እባጩ በሦስተኛው ቀን ለሰለሰ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ሳያስፈልጋት ዳነች። እንዲህ በቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚበርደው ብዙ ነው።

ባሏ ከእርሻ ሲመለስ የሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ ጭቃው አስሮት ነበር። እናንተን ጭቃ ያላሰራችሁን ግን እለምናችኋለሁ። ሚስታችሁ፣ ልጃችሁ፣ ምራታችሁ፣ ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ወይም ደጃችሁ ቡና የምታፈላው ስደተኛ የምታጠባ ከሆነች ዛሬ ጡቷን ያማት እንደሆነ ጠይቋት። ካመማት ሥራዋን ተቀበሏት፣ ልጁን አምጡላት፣ ማንም እንዳያሻት ከልክሉ። ትኩሳቱ አንድ ቀን ሙሉ ካልለቀቃት ደግሞ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ።